194,313 ዕለታት፦ ስለ ዐቢይ ቀመርና ስለ ትንሣኤ ቀን አወጣጥ



በቤቴል፣ በአንድ ምእመን ቤት፣ ከወጣቶች ጋር የምናደርገው የማታ ጥናት አለ። በ2018 ዓ.ም. ጾመ ነነዌ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ የጾምና የበዓላት ቀን እንዴት እንደሚወጣ እንድናስተምራቸው ስለ ጠየቁን ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይዘን ሄድን። ትምህርቱን ገና ሳንጀምር 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቀ አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ «አባ፣ ስምንተኛው ሺህ ሊያልቅ ነው ይባላል። ታዲያ አምስት ዓመት ለሚፈጅ ትምህርት መመዝገብ ምን ይጠቅመኛል?» ሲል ጠየቀን። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም። በደብተሩ መካከል ያኖረውን ወረቀት አውጥቶ አሳየን። ወረቀቱ ዓመተ ዓለምን እያባዛና እያካፈለ የዓለምን ፍጻሜ ዓመት አገኘሁ የሚል ሲሆን፣ ስሌቱንም «የአባቶች ባሕረ ሐሳብ» ብሎ ይጠራዋል።

«ይህ ከንቱ ነው» ብለን ማለፍ እንችል ነበር። ነገር ግን ስሌት ለብሶ የመጣ ፍርሃት በስሌት ሊመረመር ይገባዋል። ስለዚህ በዚያ ምሽትና በተከታዩ ስብሰባ ያስተማርነውን፣ አስፋፍተን ለእናንተም እናቀርባለን። አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢከተለን ደስ ይለናል፤ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል ሌላ የሚያስፈልግ ዕውቀት የለም።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

በባሕረ ሐሳብ አራት ዓመት እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራል። የማቴዎስ፣ የማርቆስና የዮሐንስ ዘመናት እያንዳንዳቸው 365 ዕለታት አሏቸው፤ ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለሚሆን 366 ይሆናል። የአራቱ ድምር 1,461 ዕለታት ነው። ይህን ለ7 ብናካፍለው 208 ሳምንት ሆኖ 5 ዕለት ይተርፋል። ስለዚህ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ መስከረም 1 የሚውልበት ዕለት በአምስት ይዘላል። መዝለሉ ተደምሮ ሙሉ ሳምንት እንዲሆን፣ ማለትም 5 ተባዝቶ በ7 ያለ ቀሪ እንዲካፈል፣ ሰባት ጊዜ አራት ዓመት ያስፈልጋል። 28 ዓመት መሆኑ ነው፤ አባቶች አውደ ፀሐይ ይሉታል።

ጨረቃ ደግሞ በራሷ መንገድ ትሄዳለች። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ዕለታት ሲሆኑ ከፀሐይ ዓመት በ11 ያንሳሉ፤ አበቅቴ የሚባለው ትርፍ ከዚህ ይመነጫል። 19 የፀሐይ ዓመታት ሲፈጸሙ ግን 235 የጨረቃ ወራት አብረው ይፈጸማሉ፤ ጨረቃም በዚያው ቀን እንደ ገና ትታያለች። ይህ አውደ አበቅቴ ነው። እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። 11 በ19 ሲባዛ 209 ይሆናል፤ 30 በ7 ሲባዛ ደግሞ 210 ነው። አንድ ዕለት ጎደለ። አባቶች ይህን አልሸሸጉም፤ በ19ኛው ዓመት መጨረሻ አበቅቴው በ11 ፈንታ በ12 ጨምሮ ከ18 ወደ 30 እንዲያልፍና አልቦ አበቅቴ እንዲሆን አደረጉ። የጎደለችው አንዲት ዕለት ቦታዋ እዚያ ነው።

አሁን ሁለት መንኰራኵሮች አሉን፤ አንዱ በ28፣ ሌላው በ19 ዓመት ወደ መነሻው ይመለሳል። ሁለቱ አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት መቼ ነው? 19 ከራሱና ከ1 በቀር የሚያካፍለው የሌለ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 28 ውስጥም አይገኝም። የጋራ አካፋይ ስለ ሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው የሁለቱ ብዜት እንጂ ከእርሱ ያነሰ ሊሆን አይችልም። 28 በ19 ሲባዛ 532 ዓመት ይሆናል፤ ይህ ዐቢይ ቀመር ነው። በመካከል ያለው አውደ ማኅተም 76 ዓመት ሲሆን፣ በእርሱ ወንጌላዊውና አበቅቴው ይገናኛሉ፤ ዕለቱ ግን አይመለስም። ሰባት ማኅተም አንድ ዐቢይ ቀመር ነው።

በ532 ዓመት ውስጥ 133 ጊዜ አራት ዓመት አለ። 133 በ1,461 ሲባዛ 194,313 ዕለታት ይሆናል። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

የ194,313 ጠባይ

በግእዝ ቁጥር ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል፦ 19 እልፍ፣ 43 መቶ፣ 13። የግእዝ አጻጻፍ በመቶ በመቶ ስለሚከፍል ለመፈተሻ እጅግ የተመቸ ነው። 100 ለ99 ሲካፈል 1 ይተርፋልና፣ የሦስቱ ክፍሎች ድምር በ99 የሚያስቀረው ቀሪ የሙሉው ቁጥር ቀሪ ነው። 19 ሲደመር 43 ሲደመር 13፣ 75 ይሆናል። የተባዙትንም እንፈትን፦ 133 ማለት 1 እና 33 ነው፣ ድምሩ 34፤ 1,461 ማለት 14 እና 61 ነው፣ ድምሩ 75። 34 በ75 ሲባዛ 2,550 ይሆናል፤ 25 እና 50 ሲደመሩ እንደ ገና 75። ብዜቱ ተስማማ። እውነቱን ለመናገር፣ በቤቴል ሰሌዳ ላይ እኛው ራሳችን 194,331 ብለን አዛብተን ጽፈን ነበር። ይህን መፈተሻ ካስተማርናቸው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «አባ፣ የእርስዎ 93 ነው የመጣው» ብላ አረመችን።

ቁጥሩን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ ብንበትነው 3፣ 7፣ 19 እና 487 እናገኛለን፤ አራቱ ሲባዙ 194,313 ይሰጣሉ። ከእነዚህ እያንዳንዱ መነሻው ይታወቃል። 3 እና 487 የ1,461 ልጆች ናቸው፤ ከሩቡ ዕለት የመጡ ናቸው። 19 ከጨረቃ ነው። 7 ከሳምንት ነው፤ እርሱ በመኖሩም 194,313 ዕለታት 27,759 ሙሉ ሳምንታት ሆነው አንዲትም ዕለት አትተርፍም። አንድ ዐቢይ ቀመር የተጀመረበት ዕለት እሑድ ከሆነ ቀጣዩም በእሑድ ይጀምራል።

ፍሬውን በምሳሌ እንመልከት። የ2017 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ነበር። ከዚያ 532 ዓመት ወደ ኋላ ብንቆጥር 1485 ዓ.ም. ላይ፣ በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት እናርፋለን። በዚያም ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ነው፤ በሁለቱ እሑዶች መካከል ያሉት ዕለታት በትክክል 194,313 ናቸው። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ ባሉት 35 ዕለታት ላይ ይመላለሳል፤ የመመላለሱ ተራ ግን ከ532 ዓመት በኋላ አንድም ሳይዛነፍ ይደገማል። አንድ ጊዜ ሠንጠረዡን በብራና የጻፈ ሰው ለልጅ ልጁ ልጆች ሁሉ ጻፈላቸው ማለት ነው።

ትውፊታችን ይህን ስሌት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ዘእስክንድርያ ይሰጣል። የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚሉት የ19ኙ ዓመት ዙር በእስክንድርያ ቀስ በቀስ ተስተካክሎ፣ የ532ቱን ዓመት ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዘረጋው አንያኖስ የተባለ መነኩሴ ነው። በምዕራብም ቪክቶርዩስ እ.ኤ.አ. በ457 ይህንኑ 532 ተጠቅሞበታል። ምሥራቅና ምዕራብ ገና ሳይለያዩ አብረው የቆጠሩት ቁጥር መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለ ስምንተኛው ሺህ

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ዓመተ ዓለም ማለት 5,500 ከዓመተ ምሕረት ጋር ሲደመር ነው፤ 2018 ዓ.ም. ስለዚህ 7518 ነው። ስምንተኛው ሺህ የጀመረው 7001 ላይ፣ በ1501 ዓ.ም.፣ በዐፄ ልብነ ድንግል የመጀመሪያ ዓመታት ነው። ሰዎች ትናንት የጀመረ ያህል «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ሲሉ የምንሰማው ሺህ ከግማሽ በላይ ሄዷል። የሚያልቀው 8000 ላይ፣ በ2500 ዓ.ም. ነው።

ይህን ስንናገር ወጣቱ በጣቱ ቆጥሮ፣ «ታዲያ 482 ዓመት ይቀራል ማለት ነው?» አለ፤ ፊቱም ፈካ። እኛ ግን በዚህ ልናጽናናው አልፈለግንም። 482 ዓመት ይቀራል ማለትም ያው ትንቢት ነው፤ ቀጠሮውን ማራዘም ብቻ ነው። ጌታችን ያችን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ አስተምሯል (ማር. 13፥32)፤ ይህ ቃል የቅርቡንም የሩቁንም ቆጣሪ እኩል ዝም ያሰኛል። በስሌት በኩል ደግሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ባሕረ ሐሳብ ራሱ ስለ 8000 ምን ይላል?

እናካፍለው። 8000 ለ532 ሲካፈል 15 ዐቢይ ቀመር ሆኖ 20 ይተርፋል። 15ኛው ዐቢይ ቀመር የሚፈጸመው 7980 ላይ ነው፤ ስለዚህ 8000 በሚቀጥለው ቀመር 20ኛው ዓመት ላይ ያለ ተራ ዓመት ነው። ለ28 ሲካፈልም እንዲሁ 20 ይተርፋል። ለ19 ሲካፈል ደግሞ 421 ዙር ሆኖ 1 ይተርፋል። ይህች 1 ልታስቀን ይገባል። የጨረቃው ዙር የሚያልቀው 7999 ላይ ሲሆን፣ 8000 የአዲስ ዙር የመጀመሪያ ዓመት ነው! አባቶች የሠሩት ስሌት ወረቀቱ መጨረሻ በሚለው ዓመት ላይ «ከአንድ ጀምር» ይላል።

ለምን እንዲህ ሆነ? 10፣ 100፣ 1,000 የተሠሩት ከ2 እና ከ5 ብቻ ነው፤ ከእጃችን ጣቶች የመጡ ቁጥሮች ናቸው። በ194,313 ውስጥ ግን 2ም 5ም የሉም። ሺህ ለሰው አፍ የተመቸ ክብ ቁጥር ነው፤ ፀሐይም ጨረቃም ሳምንትም አያውቁትም። በባሕረ ሐሳብ ትልቁ ቁጥር የሚፈለገው ቀሪውን ለማግኘት ነው፤ 7518 በ19 ተገድፎ 13 ሲቀር 395ቱ ዙር ይጣላል፣ ማንም አያነብበውም። ወረቀቱን የጻፈው ሰው የተጣለውን አንሥቶ ነው ትንቢት ያደረገው።

በነገራችን ላይ፣ 7980 በአውሮፓም የታወቀ ቁጥር ነው። ዮሴፍ ስካሊጀር የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1583 የፀሐይን 28፣ የጨረቃን 19 እና የሮማውያንን የግብር ዙር 15 አባዝቶ 7,980 ዓመት ያለው ዘመን አቆመ። መነሻ ዓመቱ ከእኛ የተለየ ነው፤ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዕለታትን እስከ ዛሬ የሚቆጥሩት ከዚያ መነሻ ነው።

ቁጥሩ ፍጹም ነውን?

ያችው 93ን ያገኘች ልጅ ደግሞ፣ «እንግዲያው ስሌቱ ምንም ስሕተት የለበትም?» አለችን። ለዚህ የምንሰጠው መልስ ለአንዳንድ አንባብያን ላይጥም ይችላል፤ ቢሆንም እንሰጠዋለን። 194,313 እንደ ቁጥር ፍጹም ነው። ሰማይ ግን አልፈረመበትም።

የፀሐይ ዓመት ከ365 ዕለት ከሩብ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ በ532 ዓመት ግን ከ4 ዕለት ጥቂት ይበልጣል። 19ኙ ዓመትም 6,939 ዕለት ከ18 ሰዓት ሲሆን፣ 235ቱ የጨረቃ ወራት 6,939 ዕለት ከ16 ሰዓት ተኩል ያህል ናቸው። በየዙሩ የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ 41 ሰዓት ይሆናል። ከእስክንድርያ ሊቃውንት ዘመን ወዲህ ይህ ተጠራቅሞ፣ በሰማይ የምትሞላው ጨረቃ በስሌት ከምትሞላው በ4 ወይም በ5 ዕለት ትቀድማለች።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 ያወጁት ማስተካከያ ይህን ለማቅናት ነበር። ሐሳቡን ያመነጨው ሐኪሙ ሉዊጂ ሊሊዮ፣ ያብራራውና የተከራከረለት ኢየሱሳዊው ካህን ክርስቶፎሮስ ክላቪዩስ ነው። ከጥቅምታቸው 4 ቀጥሎ 15 ተባለ፤ በ400 ዓመትም ሦስት ሠግር ዕለታት እንዲቀሩ ተደረገ። የጎርጎርዮስ 400 ዓመት 146,097 ዕለታት ነው፤ ይህም 20,871 ሙሉ ሳምንት ይሆናል። መልካም። ነገር ግን ጨረቃንም ለማረም ሌላ ተጨማሪ ሕግ ስላስፈለገ፣ የትንሣኤ ተራ ሳይዛነፍ የሚደገመው ከ5,700,000 ዓመት በኋላ ነው። በዕለት 2,081,882,250 መሆኑ ነው። ለሰማይ መቅረብ ዋጋ አለው፤ አንድ መነኩሴ በብራና ጽፎ ሊጨርሰው የሚችለው ሠንጠረዥ፣ ማንም ሊጨርሰው ወደማይችል ቁጥር ተለወጠ።

ስለዚህ «የሮም ትክክል ነው፣ የእኛ ስሕተት ነው» የሚለውም፣ «የእኛ ከሰማይ የወረደ ነው፣ የእነርሱ የሰው ፈጠራ ነው» የሚለውም አያሳምነንም። ሁለቱም ከኒቅያ ጉባኤ ወዲህ ምእመናን በአንድ እሑድ እንዲሰበሰቡ የተሠሩ ስምምነቶች ናቸው። በሀገራችን በግእዝ ሥርዓት የምንጸልይ ካቶሊካውያን ትንሣኤን ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር በአንድ ቀን እናከብራለን። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ ተጨማሪ ላይ፣ ሌሎች ክርስቲያኖች ከተስማሙ ትንሣኤ በታወቀ አንድ እሑድ ቢወሰን እንደማይቃወም ገልጿል። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ስሌቶች በራሳቸው ጊዜ ተገናኝተው፣ ኒቅያ በተሰበሰበ በ1,700ኛው ዓመት መላው ክርስቲያን በአንድ እሑድ ፋሲካን አደረገ። በ2018 ደግሞ የምዕራቡ በመጋቢት 27፣ የእኛ በሚያዝያ 4 ሆኖ እንደ ገና ተለያዩ።

በሰሌዳው ላይ

በሁለተኛው ስብሰባ ወጣቶቹ ራሳቸው እንዲያሰሉ አደረግን። አስቀድመን 2017ን አብረን ሠራን። 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11፣ 121፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1። መጥቅዕ ከአበቅቴ ጋር 30 ስለሚሞላ 29 ይሆናል። ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ዋለ፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29 እና 4፣ 33፤ 30 ሲገደፍ 3። ጾመ ነነዌ ከጥር አልፎ የካቲት 3 ገባ። ከዚያ ሁለት ወር ከ9 ዕለት ሲቆጠር ሚያዝያ 12 ነው።

ተውሳኩ ለምን 4 ሆነ የሚል ጥያቄ መጣ። ከመስከረም 29 እስከ ጥር 29 አራት ወር፣ 120 ዕለት ነው፤ በ7 ሲገደፍ 1 ይተርፋል። ስለዚህ መስከረም 29 ረቡዕ ከሆነ ጥር 29 ሐሙስ ነው፤ ከሐሙስ እስከ ሰኞ 4 ዕለት። ነነዌ ሁልጊዜ በሰኞ ስለሚገባ ተውሳክ ወደ ሰኞ የሚያደርስ ድልድይ ነው። የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2 ይሆናል።

ቀጥሎ 2019ን እንዲያወጣ ጠመኔውን ለዚያው ባለ ወረቀት ወጣት ሰጠነው። 7519 ለ19፣ ቀሪ 14፤ ወንበር 13፤ አበቅቴ 143 በ30 ተገድፎ 23፤ መጥቅዕ 7። ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት 7፣ ነነዌም በየካቲት ይሆናል። ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው። ወጣቱ የእኛን ትምህርት ተከትሎ፣ ከቅዳሜ ቀጥሎ እሑድ፣ ከእሑድ እስከ ሰኞ 1 ዕለት ብሎ ተውሳኩን 1 አደረገ። ነነዌን የካቲት 8፣ ትንሣኤን ሚያዝያ 17 አወጣ። እሑድ መሆኑንም አረጋገጠ። ስሌቱ ውስጥ አንድም የመደመር ስሕተት አልነበረም።

የቅዳሜ ተውሳክ ግን 8 ነው። ምክንያቱን ራሱ እስኪያገኘው ጠበቅን። መጥቅዕ የፋሲካዋን 14ኛ ጨረቃ ይመራል፤ በዓለ መጥቅዕ ቅዳሜ ሲውል ያች 14ኛ ጨረቃ በእሑድ ትውላለች። ትንሣኤ ደግሞ ከእርስዋ በኋላ ባለው እሑድ እንጂ በእርስዋው ዕለት አይከበርም። ስለዚህ አንድ ሳምንት ይጨመራል። ወጣቱ ጥቂት ቆሞ አሰበና፣ «ሚያዝያ 17 ጨረቃዋ ናት፤ እኛ እንጠብቃለን ማለት ነው» ብሎ 1ን በመዳፉ ደመሰሰና 8 ጻፈ። ነነዌ የካቲት 15፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ሆነ።